«ቲቸር፣ እኔ ጋ እኮ ይሠራል»፦ የሊኑክስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የሊኑክስ ክበብ ዓመቱን የጀመረው በ14 ተማሪዎች ነበር። የቀሩት 9 ናቸው። የወጡት አምስቱ ሮቦት የምንሠራ መስሏቸው ነው የመጡት። እኛ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሌላ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ፓኬጅ ስናደርግ ከረምን። አልፈርድባቸውም።

እንደ ዊንዶውስ ያለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሆነው ሊኑክስ ላይ አንድ መስመር ጽፎ ፕሮግራም የሚጭን ሰው ከበስተጀርባው ያለው ጣጣ አይታየውም። ፕሮግራሙ የትኞቹን ላይብረሪዎች (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጇቸውን ኮዶች) እንደሚፈልግ፣ ፋይሎቹ የት የት እንደሚቀመጡ፣ ፈቃዱ ምን እንደሚል ቀድሞ ቁጭ ብሎ የጻፈ ሰው አለ። ፓኬጅ ማድረግ የሚባለው ይኸው ነው። እኛ የመረጥነው ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱን፣ ዴቢያንን ነው። ኢያን መርዶክ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲጀምረው ስሙን ያወጣለት የራሱንና ያኔ ጓደኛው የነበረችውን የዴብራን ስም ገጣጥሞ ነው። (ይህን ከነገርኳቸው በኋላ የመሥራቹን ስም የረሳ ተማሪ የለም። የቀረውን ትምህርት ግን እንዲህ አልያዙልኝም።)

ፓኬጅ ያደረግነው ፕሮግራም የተቀዳ ድምፅ ወስዶ በውስጡ ያሉትን ፍሪኩዌንሲዎች የሚለይ ነው። ትንሽ ነው፤ ግማሹ በሲ፣ ግማሹ በፓይተን ተጽፏል። ፊዚክስ ስለማስተምር የመረጥኩት እኔ ነኝ። በሁለት ሳምንት የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ያቆመን ፓኬጁ እንዴት እንደሚገነባ የሚያዝዘው፣ ሩልስ የሚባለው ፋይል ነው። ይህ ፋይል የሚነበበው በሜክ ነው። ሜክ እ.ኤ.አ. በ1976 ቤል ላብስ ውስጥ የተጻፈ መሣሪያ ሲሆን፣ ከትእዛዙ በፊት ታብ ካላገኘ አሻፈረኝ ይላል። አንዱ ልጅ በታብ ፋንታ ስምንት ጊዜ ስፔስ መትቶ ኖሯል። ዓይን አይለየውም። ሦስት ሆነው ሁለት ሰዓት ሙሉ ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። መልሱን አውቀው ነበር፤ ዝም አልኩ። በመጨረሻ አንዷ ከርሰሩን በቀስት እየነዳች ስትሄድ፣ አንዱ መስመር ላይ በአንዴ ዘለለ፤ ቀጣዩ ላይ ስምንት ጊዜ ተንፏቀቀ። የጮኸችው ጩኸት ከጎረቤት ክፍል ሰው አስመጣብን።

ከዚያ በሁሉም ላፕቶፕ ላይ ሠራ። አጨበጨብን። ነገር ግን ኤስቢውልድ የሚባል መሣሪያ አለ፤ ባዶ ሲስተም ያዘጋጅና በጽሑፍ ያዘዝከውን ብቻ ያስገባልሃል። ልጆቹ «ባዶው ቤት» ብለው ሰየሙት። ፕሮግራማችን ባዶው ቤት በገባ በደቂቃ ውስጥ ወደቀ። ድምፁን በፍሪኩዌንሲ የሚለየውን የፉሪየር ስሌት የሚሠራለት የኤፍኤፍቲደብልዩ ላይብረሪ ሄደር ፋይል የለም አለን። «ቲቸር፣ እኔ ጋ እኮ ይሠራል!» አለ አንዱ። እርግጥ ይሠራል፤ ከወራት በፊት ላይብረሪውን ለሌላ ነገር ጭኖት ረስቶታል። ዴቢያን እንዲህ ያለውን ላይብረሪ ለሁለት ይከፍለዋል። አንዱ ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚያስፈልግ ነው። ሌላው ስሙ «ዴቭ» ብሎ የሚያበቃው፣ ኮምፓይል ሲደረግ (ኮዱ ወደ ማሽን ቋንቋ ሲቀየር) የሚያስፈልግ ነው፤ ሄደር ፋይሉ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። እኛ ሁለተኛውን አላዘዝንም። አንድ መስመር ጨመርን፤ አለፈ። ከዚያ ወዲያ አንዱ ቴስት (ፕሮግራሙ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ኮድ) የናሙና ድምፅ ከኢንተርኔት ሊያወርድ ሲል ተያዘ፤ በዴቢያን ደንብ ፓኬጅ ሲገነባ ይህ ክልክል ነው። ሌላው ሆም ፎልደር ውስጥ ሴቲንግ ሊጽፍ ሄዶ ፎልደሩን አጣው። እነዚህን ቶሎ ቶሎ አስተካከልናቸው።

ሁለተኛውን ሴሚስተር የበላብን ግን አንድ አሃዝ ነው። በአርም ፕሮሰሰር የምትሠራ ትንሽ ሰሌዳ ነበረችን። ፓኬጁን እዚያ ስንገነባ አንድ ቴስት ወደቀ። ሁለቱን ቁጥሮች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኳቸው፦

የተጠበቀው 0.7071067811865476
የተገኘው 0.7071067811865475

«ቦርዷ ተበላሽታለች» ተባለ። አልተበላሸችም። ላፕቶፖቹ መጀመሪያ ያባዛሉ፣ ያጠጋጋሉ፤ ከዚያ ይደምራሉ፣ ደግመው ያጠጋጋሉ። ባለ 64 ቢቱ አርም ግን ማባዛቱንና መደመሩን በአንድ ትእዛዝ ሠርቶ አንዴ ብቻ ያጠጋጋል። ኮምፓይለሩም ማንም ሳያዘው ይህን ትእዛዝ ይጠቀማል። ስለዚህ መጨረሻው አሃዝ ይለያያል። እንዲያውም አርሙ የሚሠራው ይበልጥ ጠንቃቃ ነው። ጥፋቱ የቴስቱ ነው፤ ሁለት የአስርዮሽ ቁጥሮች ቁርጥ እኩል እንዲሆኑ ይጠይቃል። 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ ፓይተን 0.30000000000000004 እንደሚል አሳየኋቸው፤ ግማሾቹ አላመኑኝም፣ ራሳቸው ሞከሩት።

ምን ይደረግ? አንዱ ቴስቱን እናጥፋው አለ። ሌላው 10 ከመቶ ልዩነት እንፍቀድ አለ፤ ብዙው ደገፈው። እኔ ልከራከር ስል አንዷ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ቀደመችኝ። ድምፁ ከመተንተኑ በፊት ጫፎቹን የሚያለዝበው፣ ሃሚንግ የሚባለው ቀመር ውስጥ ያለውን 0.54 ሆን ብላ 0.50 አደረገችውና ቴስቱን አስኬደችው። ውጤቱ በ7 ከመቶ ገደማ ወርዷል፤ ቴስቱ ግን አለፈ። ክፍሉ ጭጭ አለ። በመጨረሻ የተስማማነው በአንድ ትሪሊዮንኛ ልዩነት ነው። አርሙ ያልፋል፣ የእሷ የተበላሸ ቀመር ግን ይወድቃል። ሁለቱንም ሞክረን ነው ያጸደቅነው። በእኔ አስተያየት ዓመቱን ሙሉ ከሠራነው ይህ ይበልጣል።

ማሻሻያውን ለፕሮግራሙ ደራሲ ላክንለት፤ ተቀበለው። በዚያው የፈቃድ ፋይል እንዲጨምር ለመንነው። ያለ ፈቃድ ማሰራጨት አይቻልም፤ ይህን ገና ስንጀምር ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ፓኬጁ ገና ዴቢያን ውስጥ አልገባም። ለመግባት አንድ የዴቢያን ዴቨሎፐር መርምሮ ስፖንሰር ሊያደርገው ይገባል። እስከዚያው ጉድለት ፈላጊው ሊንቲያን አንድ ነገር ይነዘንዘናል፤ ፕሮግራሙ የመመሪያ ገጽ የለውም ይላል። ልክ ነው፣ የለውም። ዘጠኙም ኮድ መጻፍ ይወዳሉ፤ መመሪያ ጻፉ ሲባሉ ግን ሁሉም ፈተና አለብን አሉኝ።