መናፈሻው ከተመረቀ በኋላ ማን ይጠብቀዋል?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ አበባ ስለሚሠሩት መናፈሻዎችና የልጆች መጫወቻዎች የምታወጡትን ዘገባ እከታተላለሁ። ስንት እንደተሠራ፣ ስንት ብር እንደፈጀ፣ መቼ እንደተመረቀ የምሰማው ከእናንተ ነው። አንድ ጥያቄ ግን ሁልጊዜ ሳይመለስልኝ ይቀራል። ከተመረቀ በኋላ በየዓመቱ የሚያድሰው ማን ነው? በስሙ ተጠርቶ የሚጠየቅ ሰውስ አለ ወይ? ይህን የምጠይቀው ለጥያቄው ጥሩ መልስ ያገኘ ከተማ ኖሬ ስላየሁ ነው።

ኒውዮርክ ውስጥ ለዓመታት ሰው ቤት ተቀጥሬ ልጅ ስጠብቅ ኖሬአለሁ። ማንሃተን ላይ የልጅ ጠባቂ ውሎዋ መናፈሻ ውስጥ ነው። ጋሪ እየገፋን ጠዋት ሴንትራል ፓርክ እንገባለን፤ ልጆቹ ሲደክማቸው እንወጣለን። ስለዚህ ፓርኩን የማውቀው ፎቶ ተነስቶ እንደሚሄድ ሰው አይደለም። የትኛው ዥዋዥዌ ሲወዛወዝ እንደሚጮህ፣ ዝናብ ሲዘንብ የትኛው መንገድ ውሃ እንደሚይዝ፣ የትኛው ሸርተቴ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ እንደሚመታው አውቅ ነበር። ከሁሉም የገረመኝ ግን የጥገናው ነገር ነው። የተሰበረ ነገር ብዙ ሳይቆይ ተጠግኖ አገኘዋለሁ። ይህ ዝም ብሎ የሚሆን ነገር እንዳልሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ፓርኩ የከተማው አስተዳደር ንብረት ነው። የሚንከባከበው ግን ሴንትራል ፓርክ ኮንሰርቫንሲ የሚባል በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ስለ ኒውዮርክ የምጠራው ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው። የተቋቋመበት ምክንያት ደግሞ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሴንትራል ፓርክን የነደፉት ኦልምስቴድና ቮ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው። በ1858 የንድፍ ውድድሩን ያሸነፉት እነሱ ናቸው። ስፋቱ 341 ሄክታር ገደማ ነው። ሲሠራ ለሁሉም ሰው፣ ለሀብታሙም ለድሃውም ተብሎ ነው የተሠራው። እንዲህ ያለ ፓርክ ግን መቶ ዓመት ከቆየ በኋላ ሊጠፋ ትንሽ ነበር የቀረው። በ1970ዎቹ ኒውዮርክ ገንዘብ አጠራት። በ1975 ልትከስር ጫፍ ደርሳ ነበር። ያኔ ከተቀነሰው አንዱ የመናፈሻ በጀት ነው። ሣሩ ጠፍቶ ሜዳው አቧራ ሆነ። አግዳሚዎቹ ተሰባበሩ። ግድግዳው ሁሉ በቀለም ተሞነጫጨረ። ፓርኩ መሃል ያለው ቤልቬዴር የሚባለው ትንሽ ቤተ መንግሥት በጣውላ ታሸገ። ማታ ማታ ሰው ለመግባት ይፈራ ነበር። የዚያን ጊዜ ፎቶ የሚያይ ሰው ያው ቦታ ነው ቢባል አያምንም።

ልብ በሉልኝ፤ ንድፉ አልተቀየረም። ዛፉም ድንጋዩም እዚያው ነው። የጠፋው ጠባቂው ነው።

በ1979 ከተማው ኤሊዛቤት ባርሎ የምትባል ጸሐፊና የከተማ ፕላን ባለሙያ የፓርኩ ኃላፊ አድርጎ ሾመ። በዓመቱ ኮንሰርቫንሲው ተመሠረተ። ነዋሪውንና ባለሀብቱን እያስተባበሩ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። መጀመሪያ ትንሽ ትንሽ ነገር ነው የጠገኑት። ከዚያ ሙሉውን ፓርክ አጥንተው ዕቅድ አወጡለት። በ1998 ድርጅቱ ከከተማው ጋር የአስተዳደር ውል ተፈራረመ። መሬቱ የሕዝብ እንደሆነ ይቀጥላል፤ የዕለት ተዕለት ሥራው የድርጅቱ ኃላፊነት ሆነ። ከፓርኩ ዓመታዊ ወጪ አብዛኛውን የሚያሰባስበው ድርጅቱ ራሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ፓርኩ 49 ክልሎች ተብሎ ተከፋፍሏል። እያንዳንዱ ክልል የራሱ አትክልተኛ አለው። ያ አትክልተኛ ሣሩን ብቻ አይደለም የሚያየው። አግዳሚው፣ ቆሻሻው፣ መንገዱ፣ የተሰበረው ቅርንጫፍ፣ ሁሉም የእሱ ጉዳይ ነው። አንድ ነገር ሲበላሽ ማን ጋ እንደሚደወል ይታወቃል። ይህ አሠራር ከመምጣቱ በፊት ሠራተኞች በቡድን በቡድን እየዞሩ ነበር የሚሠሩት። አንዱ ቡድን ያጭዳል፣ ሌላው ይጠርጋል፣ ሌላው ቀለም ይቀባል። ለአንድ ቦታ ግን ‘ይህ የእኔ ነው’ የሚል ሰው አልነበረም።

እኛ ልጆች ይዘን የምንቀመጥበት አካባቢ ያለችውን አትክልተኛ ሁላችንም እናውቃት ነበር። ጠዋት ከእኛ ቀድማ ትመጣለች። መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ዥዋዥዌው ነው። ሰንሰለቱ ከላይ የተንጠለጠለበትን መንጠቆ ቀና ብላ ታየዋለች፤ መቀመጫውን በእጇ ሳብ አድርጋ ትፈትሻለች። ከዚያ አሸዋውን በመንሽ ታገላብጣለች። የጠርሙስ ስባሪ ካገኘች አንስታ ባልዲዋ ውስጥ ትከታለች። ይህን ሳትጨርስ ልጅ አታስገባም። ልጆቹም ለምደዋታል፤ አጥሩን ይዘው ይጠብቃሉ።

ፓርኩ ውስጥ 21 የልጆች መጫወቻዎች አሉ። ድርጅቱ ከ2011 ጀምሮ በዕቅድ ተራ በተራ ሲያድሳቸው ቆይቷል። እድሳት ሲባል ቀለም መቀባት ብቻ አይደለም። መሬቱ ልጅ ቢወድቅበት እንዳይጎዳው ይለሰልሳል። የዝናብ ውሃ መውረጃ ይስተካከላል። በተሽከርካሪ ወንበር ያለ ልጅ የሚገባበት መንገድ ይሠራለታል። የእግረኛ መንገዱ ርዝመት ደግሞ ወደ 93 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በዓመት ወደ 42 ሚሊዮን ጉብኝት የሚያስተናግድ ቦታ ስለሆነ ሲሰነጠቅ ዝም ከተባለ በጥቂት ክረምት ያልቃል። የኒውዮርክ ማራቶን የሚያልቀውም እዚያው ፓርክ ውስጥ ነው። በ2009 ደራርቱ ቱሉ፣ በ2010 ገብረ ገብረማርያም፣ በ2011 ፍሬሕይወት ዳዶ ያሸነፉት በዚያ ፓርክ ውስጥ ሮጠው ጨርሰው ነው። እኛ ሐበሾቹ ባንዲራ ይዘን የምንቆመው በዚያ በኩል ነበር። ይህን ሳነሳ አሁንም ደስ ይለኛል።

ሣሩም ይረፍ ተብሎ ይዘጋል። ግሬት ሎን የሚባለው ትልቁ ሜዳ የበረዶውን ወራት ሙሉ ዝግ ነው፤ የሚከፈተው በሚያዝያ ነው። ዝናብ ሲጥልም ሣሩ ለስልሶ እንዳይጎዳ ይዘጋል። መጀመሪያ ያየ ሰው ‘ሣር ለምን ይከለከላል?’ ይላል። መልሱን 2023 ላይ ሁሉም አየው። በዚያ ዓመት መስከረም በዝናብ መሃል ትልቅ ኮንሰርት ተደረገ። ሰውና ከባድ መኪና ረገጠውና የሜዳው አንድ ሦስተኛ ጭቃ ሆነ። እስከሚቀጥለው ሚያዝያ ድረስ ዝግ ሆነ። ለአንድ ቀን ዝግጅት ስንት ወር ሕዝብ ሜዳውን አጣ። እኛም ከተማ መናፈሻ ውስጥ ድንኳን ተተክሎ፣ ጄኔሬተር ገብቶ፣ ባዛርና ድግስ ይካሄዳል። ዝግጅቱ ሲያልቅ ሣሩን ማን እንደሚመልሰው ውሉ ላይ መጻፍ አለበት።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? ትልልቅ ለጋሾች አሉ። በ2012 አንድ ባለሀብት ብቻውን 100 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቷል። እኔን የሚማርከኝ ግን የአግዳሚው ነገር ነው። ከ1986 ጀምሮ ማንም ሰው ገንዘብ ከፍሎ በአንድ አግዳሚ ላይ ትንሽ የብረት ጽሑፍ ማስለጠፍ ይችላል። አንዱ ለእናቱ መታሰቢያ ያደርገዋል። አንዱ ሚስቱን ለጋብቻ የጠየቀበትን ቀን ያስጽፋል። አግዳሚው ድሮም እዚያው ነበረ፤ ገንዘቡ የሚውለው ለፓርኩ እንክብካቤ ነው። አሜሪካ ያለ ወገናችን ለአባቱ መታሰቢያ አገር ቤት አንድ ነገር ማድረግ ሲፈልግ መንገዱ ይጠፋዋል። ብዙ ሰው እኔን ራሴን ጠይቆኛል። የአባቱ ስም ያለበት አግዳሚ በተወለደበት ሰፈር ቢኖርና ገንዘቡ ለዚያ መጫወቻ ጥገና እንደዋለ በየዓመቱ ቢነገረው የሚከፍለው ሞልቷል።

ስለ ሴንትራል ፓርክ የሚነሳውን ወቀሳም መደበቅ አልፈልግም። ፓርኩን የከበበው ሀብታም ሰፈር ነው። ብሮንክስ በሚባለው፣ ድሃ በሚበዛበት የከተማው ክፍል ያለ ትንሽ መጫወቻ እንዲህ ያለ ጎረቤት የለውም። የበጎ አድራጎት ገንዘብ ሲበዛ ሀብታም ሰፈር ያምራል፣ የድሃው ይረሳል። ይህ ትክክለኛ ወቀሳ ነው። በ2014 ከተማው ለተረሱ ሰፈሮች ትንንሽ መናፈሻዎች የሚሆን ልዩ ፕሮግራም ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ትልልቆቹ የፓርክ ድርጅቶች፣ ይህኛውም ጭምር፣ በገንዘብም በባለሙያም ሊያግዙ ተስማሙ። እኛ ጋ ቢጀመርም ይህን ከመጀመሪያው ማሰብ ያስፈልጋል። ቦሌ ያለው መናፈሻ ስፖንሰር አያጣም። ኮልፌ ያለውስ? ከሚሰበሰበው ላይ የተወሰነው እጅ ለጋራ ቋት ካልተቀመጠ ነገሩ አድልዎ ይሆናል።

አገሬ ገንዘብ ማሰባሰብ አይከብዳትም። ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ለገበታ ለሸገር እራት አንድ ወንበር 5 ሚሊዮን ብር ተሸጧል። ከዚያ በኋላ አንድነት ፓርክ፣ ወዳጅነት ፓርክ፣ እንጦጦ ፓርክ ተከፍተዋል። ለልጆቼ ሳሳያቸው ኩራት ይሰማኛል። መግቢያ የሚከፈልባቸው ትልልቆቹ ቦታዎች ቢያንስ ገቢ አላቸው። እኔን የሚያስጨንቀኝ በየሰፈሩ፣ በየኮንዶሚኒየሙ ያለው ትንሹ መጫወቻ ነው። ልጆች በየቀኑ የሚውሉት እዚያ ነው። እንጦጦ በዓመት አንዴ ሁለቴ ነው የሚኬደው።

እኔ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ አንድ መጫወቻ አለ። ሲተከል ያማረ ነበር፤ ፎቶ አለኝ። አሁን ከሁለቱ ዥዋዥዌዎች አንዱ መቀመጫ የለውም። ሰንሰለቱ ልጅ እንዳይመታ ተብሎ ከላይ ብረቱ ላይ ተጠምጥሟል። የሸርተቴው ላሜራ ከታች በኩል ተገንጥሎ ጠርዙ እንደ ቢላ ቆሟል። እናቶች ካርቶን አጥፈው ያደርጉበታል፤ ዝናብ ሲመጣ ካርቶኑ ይበሰብሳል። ክረምት ላይ ከዥዋዥዌው ሥር ውሃ ይተኛል። የጎረቤቴ ልጅ በዚያ ላሜራ ጭኑ ተቆርጦ ተሰፍቷል። ኮሚቴውን ስንጠይቅ የሌላ አካል ሥራ ነው ተባልን። ያኛውን ስንጠይቅ ወደ ኮሚቴው መለሰን። የሚያስፈልገው አንድ ብየዳ፣ ሁለት ብሎን፣ ትንሽ አሸዋ ነው። የጠፋው ብሩ አይደለም፤ ‘የእኔ ነው’ የሚል ሰው ነው።

እኛ ደግሞ የጋራ ነገርን መጠበቅ የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። እድራችንን ተመልከቱ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ብርጭቆው ስንት ዓመት ይቆያል? ለቅሶ ሲያልቅ ተቆጥሮ ይገባል። የጎደለ ካለ ይተካል። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፣ የወር መዋጮ አለ፣ ቁልፍ የሚይዝ ሰው በስሙ ይታወቃል። ለመጫወቻ ሜዳ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ለዚህ የሚቋቋም ማኅበር ሕጉም አይከለክለውም። የ2011 ዓ.ም. የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ፣ ቁጥር 1113፣ በሕግ የተመዘገበ ድርጅት ገቢ ማስገኛ ሥራ እንዲሠራ ይፈቅዳል። መናፈሻው ጥግ ላይ አንዲት ቡና የምታፈላ ሴት ቦታ ተከራይታ ብትሠራ እንኳ የአትክልተኛ ደሞዝ ላይ የሚጨመር ነገር ይወጣል።

ለከተማው አስተዳደር የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ዘንድሮ ክረምቱ እንዳበቃ በእያንዳንዱ ክፍለ ከተማ አንድ የሰፈር መጫወቻ ይመረጥ። ከኮልፌም፣ ከአዲስ ከተማም፣ ከቦሌም። ለአንድ ማኅበር በጽሑፍ ውል ይሰጥ። መሬቱ የሕዝብ ሆኖ ይቆይ፤ ይህ በውሉ ላይ በደማቁ ይጻፍ፤ ሱቅም ፓርኪንግም አይደረግበትም። የጠባቂው ሰው ስምና ስልክ በር ላይ ይለጠፍ። ማኅበሩ በዓመቱ መጨረሻ ምን ያህል እንደሰበሰበ፣ ምን እንዳደሰ፣ ምን እንደቀረው ለሰፈሩ ሰው በይፋ ያስረዳ። ያልሠራ ማኅበር ውሉ ይቋረጥ። ትልልቅ ድርጅቶቻችን ለአንድ ቀን ችግኝ ተከላ ከሚወጡ ለእነዚህ ቦታዎች የዓመት ደሞዝ ቢሸፍኑ እመርጣለሁ።

እናንተንም አንድ ነገር ልለምን። ከተመረቁ ጥቂት ዓመት የሆናቸውን መጫወቻዎች እየዞራችሁ እዩልን። የጥገና በጀታቸው በየትኛው መሥሪያ ቤት እንደተያዘ ጠይቁልን። መልሱን በገጻችሁ አውጡት።

እኛ ግቢ ያለን ወላጆች ተሰባስበናል። ብየዳ የሚችል አባት አለ። ሒሳብ የምትይዝ እናት አለች። መዋጮም ጀምረናል። የጎደለን ውሉን አብሮን የሚፈርም አካል ነው። የሚመለከተው ቢሮ ይህን ካነበበ በጋዜጣው በኩል ያግኘን፤ አድራሻችንን ለዝግጅት ክፍሉ ትተናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ