ኅዳር ሚካኤል ሳይደርስ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ አሁን እንዴት ነው? ገብስማዋ ዶሮ ማቀፍ ፈልጋለች ብለሽ ስትነግሪኝ ደስ አለኝ። በስልክ የተባለ ይረሳልና ዝርዝሩን ጻፍሁልሽ፤ የጎረቤት ልጅ ያንብብልሽ።

የኅዳር ሚካኤል ማታ አስታቅፊያት፤ በጨለማ የተቀመጠች ዶሮ ቶሎ ትረጋለች። ከኅዳር 12 ጀምሮ 21 ቀን ሲቆጠር ታኅሣሥ 3፣ በዓታ ላይ ይውላል። የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ቢሆንም፣ ከእናታቸው ክንፍ ሥር ለሚያድሩ ጫጩቶች ከክረምት ጭቃና እርጥበት ይሻላል።

12 እንቁላል ይበቃታል። 15 ካደረግሽላት ዳር ያሉት ይቀዘቅዛሉ፤ ስታገላብጣቸው ደግሞ የመሀሉ ወደ ዳር ይወጣልና ብርዱ ለሁሉም ይዳረሳል። ከተጣለ ሳምንት ያላለፈውን፣ ያልተሰነጠቀውን፣ በጣም ያልተለቀውንና ያላነሰውን ምረጪ። እስከዚያው ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርገሽ ጤፍ ውስጥ አቆዪው። በውሃ ግን አትጠቢው፤ ቅርፊቱን የሸፈነው ስስ ልባስ ይለቅና ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይገባል። በጣም የቆሸሸውን ከመጀመሪያውም አታስታቅፊው።

ማቀፊያው መደቡ ጥግ ይሁን፣ ጎንበስ እንዳትዪ። ሰፊ ገል ላይ አመድ ነስንሽና የጤፍ ጭድ አልብሽው፤ ዶሮዋንም ክንፏ ሥርና ጭራዋ አካባቢ አመድ ነስንሽባት። ቅማል የበዛባት ዶሮ ሳትጨርስ ጥላ ትነሣለች። ያልተፈጨ በቆሎና ውሃ አጠገቧ አኑሪ። በቀን አንዴ ወርዳ ሩብ ሰዓት ያህል ብትቆይ አታባርሪያት፣ ራሷ ትመለሳለች።

በ7ኛው ቀን ማታ ልጁ የስልክ መብራት ይያዝልሽና እንቁላሉን በወፍራም ጫፉ በኩል እዩት። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ቀይ ሥር ካለበት ሕያው ነው። እንደ መስተዋት ጥርት ያለው አውራ ያላገኘው ነውና አውጪው፤ ቢቆይ ይገማል፣ ከፈነዳ ሌላውንም ያበላሻል። ከ18ኛው ቀን ወዲያ ግን አትንኪያቸው።

እማዬ፣ ይህ ሁሉ ድካም መና የሚቀረው በፈንግል በሽታ ነው፤ ስለ እሱ ነው አብዝቼ የማስበው። ዶሮዋ ተኮራምታ ክንፏን ከጣለች፣ አረንጓዴ ካስቀመጣት፣ አንገቷ ከተጠማዘዘ፣ ያኔ መድኃኒት የለውም። ነጭ ሽንኩርቱም በርበሬውም አያድናትም። የሚያድነው ቀድሞ የተሰጠ ክትባት ብቻ ነው፣ እሱም ሰውነቷ ውስጥ እስኪሠራ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል።

ብልቃጡ ለብዙ ዶሮ የተሠራ ስለሆነ ለአንቺ 8 ዶሮ ብቻ አይከፈትም። ስለዚህ ከመንደሩ ሴቶች ጋር ቀን ቁረጡና የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ አንድ ላይ ጥሩ። በማለዳ፣ ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ ይሁን፤ ኋላ ማን ይይዛቸዋል? ለእያንዳንዷ በአንድ ዐይኗ አንድ ጠብታ ነው። ጠብታው ከገባ በኋላ ዐይኗን እስክትጨፍን ያዣት፤ ወዲያው ከለቀቅሻት አራግፋ ትጥለዋለች። ክትባቱ በበረዶ ዕቃ መምጣቱን እዪ፤ ከተበጠበጠ በኋላም በሁለት ሰዓት ውስጥ ይለቅ። ፀሐይ ላይ የዋለው ከውሃ አይሻልም። የታመመች ካለች አትከተብ፤ ለይተሽ አስቀምጫት። ክትባቱ በየሦስት ወሩ ይደገማልና ኅዳር ላይ ከተሰጠ ዐቢይ ጾም ሲገባ ይደርሳል፤ ፋሲካ ሲቃረብ ገበያው ዶሮ ከየቦታው እያመጣ ስለሚቀላቅል እንዳያመልጥሽ። ጫጩቶቹም በመጀመሪያው ሳምንታቸውና በወራቸው ገደማ ይከተባሉ።

ከገበያ የተገዛች ዶሮ 15 ቀን ለብቻዋ ትደር። በበሽታ የሞተችውን ቅበሪያት፤ ላባዋና አንጀቷ ሜዳ ላይ ከተጣለ ውሻው በየቤቱ ያዳርሰዋል።

ጫጩቶቹ ሲወጡ የመጀመሪያውን ቀን ምግብ ባይቀምሱም አይጎዱም፣ የአስኳላቸው ስንቅ አለ። ውሃውን ዝርግ ሳህን ላይ ጠጠር ጨምረሽ ስጫቸው፣ እንዳይሰምጡ። ከዚያ ሦስት እጅ የተከረተፈ በቆሎ ከአንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ ጋር ቀላቅይላቸው፤ የሻገተ በቆሎ ግን ጉበታቸውን ይመርዛል። ጭልፊት እንዳይወስዳቸው ወር እስኪሞላቸው ቀን ቀን ቅርጫት ድፊባቸው።

ለክትባቱ የሚሆን ገንዘብ ልኬአለሁ፣ ለጎረቤቶችሽም ጭምር ነው። ባለሙያው የሚመጣበትን ቀን ንገሪኝ፤ ዶሮ የሚይዝልሽ ሰው እፈልግልሻለሁ፣ አንቺ እንዳትሮጪ።

ናፋቂ ልጅሽ