ባዶ እጄን እመጣለሁ

ደሴ፣ ሐምሌ 2017 ዓ.ም.

እህቴ፣ እንዴት ከረምሽ? «ከረምሽ» ስል እንኳ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ሦስት ክረምት አልፏል። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ መግባት ግማሽ ቀን አይፈጅም። ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ እንኳ እንደኔ አይጠፋም።

ለምን እንደጠፋሁ ልንገርሽ። የወለድሽ ጊዜ ልጠይቅሽ ተነሥቼ ነበር። ገበያ ወጥቼ የቅቤ ዋጋ ስሰማ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ደመወዝ ሲወጣ እሄዳለሁ አልኩ፤ ደመወዙን የቤት ኪራይ ወሰደው። አራስ ቤቱ ካለፈ ደግሞ ለሕፃኑ ልብስ ይዤ ልሂድ አልኩ፤ ሕፃኑ ልብሱ ሳይገዛለት አደገ። በዘገየሁ ቁጥር ይዤው መምጣት ያለብኝ ነገር እየበዛ ሄደ፤ ዓመት የቆየ ሰው በአንድ ኪሎ ቅቤ አይታረቅማ! አሁን ልጁ ይሮጣል አሉ። ስሙን የሰማሁት ከሰው ነው።

ሌላም አለ። አባዬ ግንቦት ላይ ዐረፉ። ላረዳሽ ስልኩን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ልጅሽን ሳልጠይቅ ለሐዘኔ ድረሽልኝ ማለት ከበደኝ። ይቅር በይኝ፤ ለአንቺም እንደ አባት ነበሩ።

የሰፈራችንን ቅሬ፣ እድራችንን፣ ታውቂዋለሽ። እስላሙም ክርስቲያኑም መጣ፤ ድንኳን ተተከለ፣ መቃብር ተቆፈረ፣ ምግብ ተሠራ። በሦስተኛው ቀን ማታ ሰዉ ሲበተን፣ ሰኞ ገበያ ቆሎ የሚሸጡት እማማ ቀሩ። የያዙት ነገር አልነበረም። ጓዳ ገብተው ጥላሸት የለበሰውን ድስት በአመድ ፈተጉ። እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ አደራርቀው አጠገቤ ተቀመጡና «አባትሽ ሲስቁ እንዴት ነበሩ?» አሉኝ።

ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሁሉ «አብሽሪ» ብሎኛል፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ድምፃቸው ሳይሰማ ትከሻቸው ቀድሞ እንደሚስቅ፣ የራሳቸውን ቀልድ ሳይጨርሱ እንባቸው እንደሚመጣ አወራሁላቸው። ፋኖሱ እስኪደበዝዝ አወራሁ። እማማ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ በሩ አላዩም፤ በማግሥቱ ሌሊት ተነሥተው ቆሎ እንደሚቆሉ አውቃለሁ።

የቅሬውን ደንብ ልብ ያልኩት ያን ሰሞን ነው። ቅጣት የሚጥለው በቀሪ ላይ ነው። ባዶ እጁን የመጣ ሰው የሚቀጣበት አንቀጽ የለውም። እኔ ግን ማንም ባልጻፈው ደንብ ራሴንም አንቺንም ሦስት ዓመት ቀጣሁ።

ገንዘብ ምን ያደርጋል እያልኩሽ አይደለም። የታመመ ልጅ መድኃኒት በጨዋታ አይገዛም። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለውንም ተረት ፍትፍቱን ጓዳ ደብቀው ፊታቸውን ብቻ የሚያቀርቡ ሰዎች አርክሰውታል። ያለው ይስጥ። እኔ የምለው የሌለው ሰው ስለሚደበቅበት ነገር ነው፤ ትሕትና ይመስላል፣ ኩራት ነው።

ልጆች ሳለን በአይጠየፍ አዳራሽ በኩል ስናልፍ ትዝ ይልሻል? ንጉሥ ሚካኤል ትልቅ ትንሽ ሳይሉ ሰው ያበሉበት ነበር ሲሉን፣ ቸርነት ማለት ሰንጋ መጣል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ያንን ይዤ አደግኩና የአንቺን ብርድ ልብስ ረሳሁት።

በ2013 ክረምት፣ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴ ሲገባ፣ ከነልጇ በራችን ላይ የቆመችውን ሴት አስገባሻት። ያለሽ አንድ ብርድ ልብስ ነበር። መቀሱ ዶልዱሞ አልቆርጥ ሲል ጠርዙን በጥርስሽ ጀመርሽው። ግማሹ ለእናትና ልጅ፣ ግማሹ ለእኔና ለአንቺ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤቱን ሞልቶት እግራችን ውጭ አደረ፤ አንቺ ደግሞ ስትስቂ አደርሽ። ያን ጊዜ ሁላችንም ስላልነበረን ማን ምን ይዞ መጣ ብሎ የሚቆጥር አልነበረም።

እሁድ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ እወርዳለሁ። ቅቤ የለም፣ ልብስም የለም። ቡና እንዳታፈዪ፤ ረከቦቱን አሳይተሽኝ ተኚ፣ የሚታጠብ ልብስ ካለም ከምሪልኝ። ስትነሺ ስለ አባዬ እናወራለን። ልጁ አይቶኝ ካለቀሰ አትቆጪው፤ አያውቀኝም። እስኪለምደኝ በሩ ላይ እቀመጣለሁ።