በኅዳር ጽዮን ሌሊት ለደረሳችሁልን ሁሉ

አባቴን ከሞት አፋፍ ለመለሰልኝ ለልዑል እግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰው። ለእናንተም ላመሰግን ብዕር ካነሣሁ ሰነበትሁ፤ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና እስኪያልፍ ድረስ ግን እጄ አልታዘዘኝም።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ኅዳር ነው። ሞላሌ አጠገብ ባለው ቤታችን አባቴ ከገብስ አጨዳ ሲመለስ ሆዱን ይዞ ተኛ። ከዚያ በፊትም አልፎ አልፎ ይነፋው ስለነበር በጤና አዳም አስታገሥነው። በማግሥቱ፣ ኅዳር 20 ቀን፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጠረ። አየርም ሰገራም አልወጣ አለው፤ ማታ ማስመለስ ጀመረ።

አጎቴ «ጻድቃኔ ማርያም ጠበል እንውሰደው» አለ። ስንት ሰው የዳነበት ጠበል ነውና ሐሳቡን የነቀፈ አልነበረም፤ እኔም በልቤ የፈለግሁት እሱኑ ነበር። የነፍስ አባታችን መጥተው ጸሎት ካደረሱ በኋላ ሆዱን ዳሰሱት። «ጠበሉ የትም አይሄድም፤ ይህ ሆድ ግን ጊዜ አይሰጥም» አሉ። ሐኪምንም የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ እንደጻፈ አስታወሱን። አጎቴ ቃል ሳይመልስ ቃሬዛውን አነሣ። አባታችን፣ በእርስዎ አፍ የተነገረው ቃል ባይኖር ኖሮ ሲነጋጋ አሁንም እየተከራከርን በነበርን።

የጤና ጣቢያው ጤና መኮንን ገና ወጣት ነው። አባቴን አይቶ ጉሉኮስ ተከለለት፣ ወዲያው ለአምቡላንስ ደወለ፤ «ይደርና ይታያል» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። አባቴን በባናው ጠቅልለን ጉዞ ጀመርን። ጣርማበር ላይ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ አንገቱን ወደ ውጭ አውጥቶ የአስፋልቱን ጠርዝ እያየ ነዳ። እናቴ ብርዱ ሲያንዘፈዝፋት በመስተዋት ያያት መሰለኝ፣ ጃኬቱን አውልቆ ወደ ኋላ አቀበለኝ። እሱ በሸሚዝ ብቻ ደብረ ብርሃን ገባ። የኅዳርን ውርጭ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ሆስፒታል ስንደርስ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነበር። ሐኪሙ አንጀቱ መጠማዘዙን ነገሩን፤ በደጋው አገር፣ በተለይ በወንዶች ላይ፣ ደጋግሞ የሚያጋጥማቸው ሕመም ነው። በመጀመሪያ ሆዱ ውስጥ የታመቀውን አየር በቱቦ ሊያስወጡለት ሞከሩ። በቱቦው የጠቆረ ደም ሲመጣ ፊታቸው ተለወጠ። ደም የማይደርሰው አንጀት መበስበስ ጀምሯል፤ አሁኑኑ ካልተከፈተ ሆዱን ይመርዘዋል አሉ። ቢከፈትም በዕድሜውና በድካሙ ምክንያት ላይወጣው እንደሚችል አልደበቁኝም። ነርሷ ወረቀቱን ዘረጋችልኝ።

በቤታችን እንዲህ ያለውን ነገር የሚወስነው ታላቅ ወንድሜ ነው። እሱ አዲስ አበባ ነው፣ ስልኩ ዝግ ነው። እናቴን አየኋት። «አንቺ ነሽ የተማርሽው» አለችኝ።

ሥራ ስቀይር ሱባዔ ይዣለሁ፤ ትዳር ስይዝ አባቶችን አማክሬ ወራት ጠብቄአለሁ። በእግዚአብሔር መታመን ማለት ልብ እስኪረጋ መጠበቅ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ሌሊት ልቤ እንዲረጋ ጠበቅሁ፣ አልረጋም። ምልክትም አላየሁም። አባቴ ቢሞት ወንድሞቼን ምን እላቸዋለሁ ለሚለው ጥያቄም መልስ አልነበረኝም። «እመቤቴ፣ ቀኑ የአንቺ ነው፣ አደራ» ብዬ ፈረምሁ። ጸሎቴ በሙሉ ያቺው ነበረች። ፊርማዬ የእኔ አይመስልም፤ ከመስመሩ ወርዶ ከቀኑ ጋር ተደራርቧል።

እህቴ ነርሷ፣ አንቺን ሳላነሣ አላልፍም። ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሲገባ አንገቱ ላይ ያለው ሁሉ መውለቅ ነበረበት። አባቴ በዚያ ሕመሙ ውስጥ ሆኖ ማተቡን በእጁ ጨብጦ ያዘ። አንቺ አልጮኽሽበትም፣ አልበጠስሽበትም። ቋጠሮውን ቀስ ብለሽ ፈታሽና በግራ እጁ አንጓ ላይ በፕላስተር አሰርሽለት። ያን ጊዜ ጣቶቹን ለቀቀ።

አንድ ክንድ ያህል የጠቆረ አንጀት ተቆርጦ ወጣ። ሐኪሙ ሲነጋ ወጥተው «በሕይወት አለ» ሲሉን የጽዮን ደወል እየተሰማ ነበር። ከዚያ በኋላ ለ3 ወር ሰገራው በሆዱ ጎን በተከፈተለት መውጫ ወደ ከረጢት ሲወርድ ቆየ። ለኩሩ ገበሬ ከባድ ጊዜ ነበር። በየካቲት መጨረሻ ተዘጋለት፤ ዛሬ በእግሩ ቤተ ክርስቲያን ይስማል።

በዚያ ሌሊት 2 ከረጢት ደም ተሰጥቶታል። ሰጪዎቹ እነማን እንደሆናችሁ አላውቅም፤ ክንዳችሁን ስትዘረጉ ለአንድ የመንዝ ገበሬ መሆኑን እናንተም አላወቃችሁም። እግዚአብሔር ከፋዩ ይሁን። እኔም ከዚያ ወዲህ ደም መስጠት ጀምሬአለሁ።

የእድራችን ሰዎች፣ እኛ ሆስፒታል ሳለን በደቦ ገብሱን አጭዳችሁ፣ ወቅታችሁ፣ ጎተራ አስገብታችሁ ጠበቃችሁን። አባቴ ቤት ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የሄደው ወደ ጎተራው ነው። እጁን እህሉ ውስጥ ከትቶ ብዙ ቆየ።

ከትንሣኤ በኋላ ስለቱን ለማድረስ ጻድቃኔ ማርያም ሄደን ነበር፤ አጎቴ ከፊት ከፊት እየመራን። ግንቦት 1 ቀን ደግሞ ልደታን ደጃችን ላይ ንፍሮ ቀቅለን እናከብራለን። የምትችሉ ሁሉ ኑልን። ወንድሜ ሾፌሩ፣ ያን ሌሊት ስምህን እንኳ ሳልጠይቅህ ተመለስህ። እናቴ ጃኬትህን አጥባ ሣጥኗ ውስጥ አስቀምጣልሃለች።