ኦቨን አልሠራ ሲል ካቻቪቴ ከማንሳት በፊት

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ ቤታችን መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላ ኦቨናችን አልሞቅ አለ። ታላቅ ወንድሜ ችግሩ ከውስጥ ነው ብሎ የኋላ ሽፋኑን መፍታት ጀመረ፤ ሁለት ብሎን ካወጣ በኋላ ነበር ስፒናው ከሶኬቱ እንዳልተነቀለ ያየሁትና በድንጋጤ ያስቆምኩት። ከፊት ለፊት ሰዓቱ ዜሮ ዜሮ እያለ ብልጭ ድርግም ይል ነበር። ሰዓቱን ስናስተካክለው ኦቨኑ ያለ አንዳች ጥገና ሞቀ።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለው አደጋ ሌላ ቤት እንዳይደርስ ስለምሻ ነው። ዲጂታል ሰዓት ካላቸው ኦቨኖች ብዙዎቹ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓታቸው እስኪስተካከል ድረስ ማሞቅ አይጀምሩም። በእጅ የሚዞር የሰዓት መቁጠሪያ ያላቸውም ዜሮ ላይ ከቆሙ አይሠሩም፤ መቁጠሪያውን ወደ ደቂቃዎቹ ወይም የእጅ ሥዕል ወዳለበት ምልክት ማዞር ያስፈልጋል። የቁልፍ ምልክት በርቶ ከታየ ደግሞ ልጆች እንዳይነኩት የሚደረገው መቆለፊያ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ በመያዝ ይለቀቃል።

ኦቨኑ ጭራሽ ምንም ምልክት ካላሳየ ብሬከሩን ማየት ይገባል። ብሬከር አንዳንዴ ራሱን አጥፍቶም የበራ ሊመስል ስለሚችል፣ ሙሉ በሙሉ ወደ ታች አውርዶ እንደገና ማንሳት ያስፈልጋል። ዳግመኛ ራሱን ካጠፋ ግን ደጋግሞ ማንሳት የኤሌክትሪክ ብልሽቱን ወደ እሳት ሊያደርሰው ይችላል። ስፒናው ወይም ሶኬቱ ከጠቆረ፣ ከቀለጠ ወይም የቃጠሎ ሽታ ካለውም ከብሬከሩ አጥፍቶ እዚያው ማቆም ነው። ማዞሪያው ዜሮ ላይ መሆኑ ብቻውን ውስጡ ኤሌክትሪክ የለም ማለት አይደለም፤ ሽፋን መፍታትም የባለሙያ ሥራ ነው።

የጋዝ ኦቨን ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። በ15 ሰከንድ ውስጥ ካልተቀጣጠለ ማዞሪያውን ዘግቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ጠብቆ ነው እንደገና መሞከር የሚገባው፤ የተጠራቀመ ጋዝ በአንድ ጊዜ ሊነድ ይችላልና። ቤቱ ጋዝ ጋዝ የሚሸት ከሆነ ክብሪት መጫር ቀርቶ አምፖል ማብራትም ማጥፋትም አይገባም፤ የሚቻል ከሆነ የሲሊንደሩን ቫልቭ ዘግቶ፣ መስኮት ከፍቶ ቤተሰቡን ይዞ መውጣት፣ ስልክም ከውጭ ሆኖ መደወል ነው።

ባለሙያ ሲጠራ ያየነውን በዝርዝር እንንገረው። የውስጥ መብራቱና ማራገቢያው እየሠሩ ሙቀቱ ብቻ ከጠፋ፣ ጥርጣሬው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ማሞቂያ ሽቦው ወይም ወደ ሙቀት መቆጣጠሪያው ያዘነብላል፤ ይህን አስቀድሞ የሰማ ባለሙያ የሚያስፈልገውን መለዋወጫ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ