የወር መርፌውን የሚወጋ እንፈልጋለን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ልብ ሕመም ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ቀዶ ሕክምናው ነው። እኔ ግን ስለ አንድ መርፌ ልጽፍላችሁ ፈልጌ ነው።

ታናሽ እህቴ 9 ዓመቷ ላይ ጉሮሮዋን ታመመች። «እንጥሏ ወርዶ ነው» ተባለ፤ ዝንጅብል በማር ጠጣች፣ አለፈላት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጉልበቷ አበጠ፣ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቷ። ጉሮሮዋን ያመማት ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነበር። ሰውነት እሱን ልዋጋ ሲል የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ያጠቃል፤ ይህ ሕመም የሩማቲክ ትኩሳት ይባላል። ጉሮሮዋን ባመማት በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ብታገኝ ኖሮ እዚህ ባልደረሰች ነበር። ትኩሳቱ በረደ፣ የልቧ ቫልቭ (ደም የሚያሳልፈው በር) ግን ጠባሳ ይዞ ቀረ።

ሕመሙ እንዳይመለስ በየ28 ቀኑ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን እንድትወጋ ታዘዘላት፤ የወር መርፌ የምንለው ይህንን ነው። እናታችን አንድም ቀን አላሳለፈችም። ቤት ስንቀይር ግን አዲሱ ጤና ጣቢያ «ፔኒሲሊን ሰው ይገድላል፣ አንወጋም» አለን። ፍርሃታቸው ይገባኛል። ከባድ አለርጂ አለ፤ ግን ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፣ አለርጂው ቢነሳ የሚሰጠውን መድኃኒት፣ አድሬናሊንን፣ አዘጋጅቶ ከመርፌው በኋላ ልጁን ትንሽ አቆይቶ ማየት ይቻላል። ቫልቩ በጣም ለተጎዳ ሰው ደግሞ ሐኪሙ በመርፌው ፋንታ ኪኒን ሊያዝ ይችላል። እኛን ግን ዝም ብለው መለሱን። መርፌው ሁለት ዓመት ተቋረጠ። የጉሮሮ ሕመሙ ተመለሰ፣ ትኩሳቱም ተከተለው።

አሁን 26 ዓመቷ ነው። ባለፈው ጥቅምት ልብስ እያጠበች «ልቤ ይርበተበታል» አለችኝ። አረፋውን ጠርጌ የእጇን አንጓ ያዝኩ። ሁለቴ ቶሎ ቶሎ መታ። ቆመ። አንዴ ጠንከር ብሎ መታና ደግሞ ተንደረደረ። ልቆጥረው ሞከርኩ፣ አልቻልኩም።

ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ ሚትራል የሚባለው ቫልቭ ሲጠብ ደም ከኋላው ይጠራቀማል። የላይኛው የግራ የልብ ክፍል እየተለጠጠ ይሄድና በወጉ መምታቱን ትቶ ይንቀጠቀጣል። እዚያ ደም ይረጋል። የረጋው ደም ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። ለዚህ ነው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የምትወስደው፤ መጠኑ እንዳይዛባም በየጊዜው ለምርመራ ደም ትሰጣለች።

እባካችሁ ጋዜጠኛ ላኩ። ጤና ጣቢያዎቹን እየዞረ «የወር መርፌ ትወጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። የማይወጉት ምን እንደጎደላቸው ይናገሩ፤ አድሬናሊን ከሆነ ይሰጣቸው፣ ሥልጠናም ከሆነ ይሰልጥኑ። እኛ ሰፈር ካርዷን ይዛ የምትመላለስ ትንሽ ልጅ አለች። ባለፈው ሳምንትም ሳትወጋ ተመልሳለች።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ