ለአባዬ፣ ስለ ብርቱካኑ ማሳ

አባዬ፣ እንዴት ሰነበትክ? የእግርህ እብጠት ቀነሰ? እማዬ ሐኪሙ ያላትን ነግራኛለች፤ እሱን በአካል ስመጣ እናወራለን። ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ ሁለተኛ ክፍል ገባ፣ ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ ብታያት!

አስመረምረዋለሁ ያልኩህ የማሳው አፈር ውጤቱ መጣ። ጨው ነው አባዬ። 5.2 ይላል፣ የጨው መጠን መለኪያው ዴሲሲመንስ በሜትር ነው። ብርቱካን 1.7 አካባቢ ላይ ምርቱ መውረድ ይጀምራል። ስለዚህ አዲስ ችግኝ ልግዛ የምትለውን እባክህ ተው።

ያመጣው የጉድጓዱ ውሃ ነው። ፀሐይዋ ውሃውን ታተነዋለች፣ ጨዉ እዚያው ይቀራል፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ባጠጣን ቁጥር ይጠራቀማል። ከዛፎቹ ሥር አንተ ኖራ ነው የምትለን ነጭ ነገር እሱ ነበር። ቅጠሉ ከጫፉ እንደተቃጠለ ሆኖ ሲደርቅ ውሃ አጥቶ ነው ብለህ ማሙሽ ላይ ጮኽክበት። «ሰነፍ! ዛፎቼን ገደልካቸው» አልከው፣ ያውም ጎረቤት እየሰማ። ልጁ እኮ ያጠጣ ነበር። ከትምህርት ቤት መጥቶ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ ሞተሩን ሲያስነሳ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ነግሬሃለሁም፣ አልሰማኸኝም። ይኸው ጅቡቲ ከሄደ ጀምሮ የሚደውለው ለእማዬ ብቻ ነው። እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን ማሽላ ዝራ። ማሽላ እስከ 6.8 ድረስ ምርቱ ብዙም አይነካም። ለፍየሎቹ ሮደስ ሳር ይሆናል። አፋር፣ አሚባራ ላይ የጥጥ መሬት ጨው በልቶት ሲተው፣ የወረር ምርምር ማዕከል ጨው የሚችሉ ሳሮችን ሞክሯል፣ ሮደስም አንዱ ነው። ተምርም ጨው ይችላል፣ ግን ፍሬው እስኪደርስ ዓመታት ስለሚፈጅ... እሱን እንተወው።

ስትዘራ የመደቡ አናት ላይ እንዳይሆን፣ ጨዉ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ከጎኑ፣ ትከሻው ላይ ይሁን፤ ቡቃያ ሳለ ነው በጨው ቶሎ የሚጎዳው። ውሃውንም በየቀኑ ከመርጨት አልፎ አልፎ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ይሻላል፣ ጨዉን ወደ ታች ይዞት ይወርዳል። መውረጃ ቦይ ካልተቆፈረለት ግን ተመልሶ ይመጣል። አንተ አካፋ እንዳትነካ! ሰው ቅጠር፣ የቀን ሠራተኛውን እኔ እከፍላለሁ።

ማሙሽ ጋ ደውልለት አባዬ። ቁጥሩ እማዬ ጋ አለ። ይቅርታ ጠይቀው አልልህም፣ አውቅሃለሁ። የአፈሩን ውጤት ብቻ ንገረው፣ ከአንተ አፍ ይስማው። ሌላ ጊዜ አትበል፣ በዚህ ሳምንት ይሁን፣ ስለምንህ ነው።

የዘሩን ብር በእማዬ ቴሌብር አስገብቻለሁ። የሐሙሱን ቀጠሮ እንዳትቀር፣ ባጃጅ ተኮናትረህ ሂድ።

ልጅህ